ማን ይፈርም? የአክቹዋሪ ብቃት ደንብ ሲሻሻል ምን ይቀየራል

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት አክቹዋሪ ነው፤ አክቹዋሪ ማለት የኢንሹራንስ ኩባንያ ወደፊት የሚከፍለውን በሂሳብ የሚገምት ባለሙያ ነው፦

«ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአክቹዋሪ ፈተናዎቼን የጨረስኩት ናይሮቢ እየሠራሁ፣ በእንግሊዙ ማኅበር በኩል ነው። የማኅበሩ ፌሎ፣ ማለትም የከፍተኛው ማዕረግ ባለቤት፣ ነኝ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ የመኪና፣ የቤትና የሠራተኞች ጉዳት ዋስትና በሚሸጥ ኩባንያ ውስጥ የመጠባበቂያ ሂሳብ እሠራለሁ። ሰሞኑን አለቃዬ ‹ኩባንያችን የተቋቋመበት ስቴት ማን አክቹዋሪ ነው የሚለውን ደንብ ሊያሻሽል ነው፤ ያንቺ ማዕረግ ላይበቃ ይችላል› አለኝ። ደነገጥኩ። እውነት ነው? ሥራዬን ላጣ ነው? ፈተናውን ከሀ ልጀምር?»

እህቴ፣ ከአጭሩ መልስ ልጀምር። ደንቡ ሥራሽን አይነካም። የስቴቶቹ የኢንሹራንስ ደንብ ማን ሂሳቡን ይሥራ አይልም። የሚለው ማን ይፈርም ነው። ስሌቱን የሠራው ጀማሪም ይሁን ሃያ ዓመት የቆየ ሰው፣ የስቴቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ፣ ኮሚሽነሩ፣ አይጠይቅም። ከወረቀቱ ግርጌ ስሙን ያኖረው ሰው ግን ማን እንደሆነ አጥብቆ ይጠይቃል። አለቃሽ ያለው ግማሹ እውነት ነው። አንድ የተወሰነ ወረቀት ላይ፣ መጠባበቂያው (ለወደፊት ካሳ የሚያዘው ገንዘብ) በቂ ነው ወይ የሚለው ዓመታዊ «አስተያየት» ላይ፣ ለመፈረም ያንቺ ማዕረግ ብቻውን አይበቃም። ደንቡ ባይሻሻልም እንኳ አይበቃም ነበር ብል ከእውነቱ ብዙም አልርቅም። ፈተናውን ከሀ ጀምሪ የሚልሽ ግን የለም።

አሁን ወደ ረጅሙ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እዚህ አገር ኢንሹራንስን በዋናነት የሚቆጣጠረው ፌዴራል መንግሥቱ አይደለም። ኮንግረስ በ1945 ባወጣው የማካረን ፈርጉሰን ሕግ ጉዳዩን ለስቴቶች ተወላቸው። አገር ቤት ብሔራዊ ባንክ ብቻውን የሚሠራውን ሥራ፣ እዚህ ከ50 በላይ መሥሪያ ቤቶች ተካፍለውታል። ሁሉም የየራሱ ሕግ፣ የየራሱ ኮሚሽነር አለው። በ1871 ያቋቋሙት የኢንሹራንስ ኮሚሽነሮች ብሔራዊ ማኅበር፣ ማለትም ኤንኤአይሲ፣ ያገናኛቸዋል። ማኅበሩ ሕግ አያወጣም። ሞዴል ሕግ ያረቃል፣ ኩባንያዎች የሚሞሉትን የዓመታዊ ሪፖርት ቅጽና መመሪያ ያዘጋጃል። ስቴቶቹ ይወስዱታል። አንዱ እንዳለ ይወስደዋል፣ ሌላው ቆርጦ ቀጥሎ ይወስደዋል። አንቺ ሜሪላንድ ብትኖሪም፣ ለመጠባበቂያው አስተያየት በመጀመሪያ የሚመለከትሽ ኩባንያው የተቋቋመበት ስቴት ደንብ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ኩባንያው ዋጋ በሚያስጸድቅባቸው ሌሎች ስቴቶች ደግሞ ለዋጋው ማመልከቻ የእነሱ ደንብ ይመጣል።

ሐኪም ፈቃዱን የሚያወጣው ከስቴቱ ነው። ጠበቃም እንደዚያው። የኢንሹራንስ አክቹዋሪ ግን እንደነሱ የስቴት ፈቃድ አያወጣም። በመንግሥት የሚመዘገቡት የጡረታ ፕላን አክቹዋሪዎች ናቸው፤ እሱም በ1974ቱ ኤሪሳ በተባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ነው። ለቀረነው ስቴቶቹ «ብቁ» የሚለውን መለኪያ ከግል የሙያ ማኅበራት መበደር ነበረባቸው። የደንቡ ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ማኅበራቱን ታውቂያቸዋለሽ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ግን ልበል። ካዥዋልቲ አክቹዋሪያል ሶሳይቲ፣ በአጭሩ ካስ፣ በ1914 የተቋቋመ ነው። የአደጋ፣ የንብረትና የሕጋዊ ኃላፊነት ዋስትና የእሱ ሜዳ ነው። ሶሳይቲ ኦፍ አክቹዋሪስ፣ ኤስኦኤ የምንለው፣ ሁለት የቆዩ ማኅበራት በ1949 ተዋሕደው የፈጠሩት ነው። ሕይወት፣ ጤናና ጡረታ ላይ ነው ያደገው። ሁለቱ ፈተና ይሰጣሉ፣ ማዕረግ ያድላሉ። በ1965 የመጣው የአሜሪካ አክቹዋሪዎች አካዳሚ ግን ሌላ ነው። ፈተና አይሰጥም። ማን ምን ላይ መፈረም ይችላል የሚለውን የብቃት መለኪያ ያወጣል፣ ሙያውን ወክሎ ከመንግሥት ጋር ይነጋገራል። ከእነዚህ ጎን የአክቹዋሪዎች የምክርና የዲሲፕሊን ቦርድ አለ። አንድ አክቹዋሪ አጥፍቷል ተብሎ ክስ ሲቀርብ ቦርዱ ይመረምራል፣ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ቅጣቱን የሚሰጠው አባል የሆነበት ማኅበር ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ፊርማ ለምን? አንቺ ቀኑን ሙሉ የምትሠሪውን ሥራ አስቢው። አንድ የ25 ዓመት ልጅ ጣራ ሲሠራ ወድቆ ጀርባው ተሰበረ እንበል። ኩባንያሽ ሕክምናውንና የደመወዝ ማካካሻውን ምናልባት ለ50 ዓመት ይከፍላል። ይህ ዕዳ ዛሬ መዝገብ ላይ መግባት አለበት። ስንት ተብሎ? ደረሰኝ የለውም። ግምት ነው። በንብረትና ኃላፊነት ኢንሹራንስ ኩባንያ መዝገብ ላይ ከዕዳው ሁሉ ትልቁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ግምት ነው። ትንሽ ዝቅ ሲደረግ ትርፉ ያምራል፣ ቦነሱ ይወጣል፣ ማንም አይጮኽም። ጩኸቱ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ትራንዚት ካዥዋልቲ በ1985፣ ሚሽን ኢንሹራንስ በ1987 ሲወድቁ የታየው የዚህ ዓይነት ነገር ነው። የኮንግረስ ኮሚቴ በ1990 በነዚህ ውድቀቶች ላይ ጠንካራ ሪፖርት አወጣ። በየዓመቱ ብቁ አክቹዋሪ መጠባበቂያውን አይቶ ይፈርም የሚለው ግዴታም በመላ አገሪቱ ሥር የሰደደው በዚያው ሰሞን ነው።

ኩባንያ ሲወድቅ ስቴቶቹ ያቋቋሙት የዋስትና ፈንድ ይደርሳል፤ ግን ጣሪያ አለው። የሠራተኞች ጉዳት ካሳ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ይከፈላል። ለሌላው የንብረትና ኃላፊነት ካሳ በብዙ ስቴቶች ጣሪያው 300 ሺህ ዶላር ነው። ገንዘቡን የሚያዋጡት በሕይወት ያሉት ኩባንያዎች ናቸው። የአንዱ ደካማ ግምት ለሌላው ደንበኛ አረቦን ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ብቁ ሰው መፈረሙ ተአምር አይሠራም። ፔን ትሪቲ የተባለው የፔንሲልቬንያ ኩባንያ ለአረጋውያን የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ዋስትና ይሸጥ ነበር። በ2017 ፍርድ ቤት እንዲፈርስ አዘዘ። በዚያ ዘርፍ ከተሳቱት ግምቶች አንዱ ብዙ ደንበኛ በመንገድ ላይ ውሉን ይተዋል የሚለው ነበር። ደንበኛው አልተወም። በዋሽንግተን አካባቢ ከእኛ ሰው ስንቱ በአረጋውያን እንክብካቤ እንደሚተዳደር ታውቂያለሽ፤ ያ ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ሲታሰብ ነገሩ ሩቅ አይደለም። እና የብቃት ደንብ ስህተትን አያስቀርም። ስህተቱ ሲመጣ የሚጠየቅ ሰው መኖሩን ነው የሚያረጋግጠው።

ወደ ደንቡ ማሻሻያ ልግባ። አንቺ የጠየቅሽው «አክቹዋሪ ነኝ ወይስ አይደለሁም» የሚል ይመስላል። ደንቡ እንዲያ አይጠይቅም። የትኛው ወረቀት ነው ብሎ ነው የሚጀምረው። የሕይወት ኢንሹራንስ መጠባበቂያ አስተያየት አንድ ወረቀት ነው። የአንቺ ኩባንያ ዓይነቱ የንብረትና ኃላፊነት አስተያየት ሌላ ነው። የጤና ዋስትና ዋጋ ማረጋገጫ ሌላ። አነስተኛ ቀጣሪዎችን የሚመለከተው የጤና ሞዴል ሕግ ለምሳሌ «የአካዳሚው አባል ወይም ኮሚሽነሩ የሚቀበለው ሌላ ሰው» ይላል። ሰፊ በር ነው። የንብረትና ኃላፊነቱ ግን ጠባብ ነው፤ በ2019 ደግሞ የሚጠየቁት ፈተናዎች በስም ተዘረዘሩበት። አንድ ሰው ለአንዱ ወረቀት ብቁ ሆኖ ለሌላው ባዕድ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ዓመት የቆዩ ሰዎች ሳይቀሩ ይህን ያምታቱታል።

ታዲያ ደንቦቹ ለምን ያረጃሉ? አንደኛው ምክንያት ስም መጥራታቸው ነው። ከ30 እና 40 ዓመት በፊት የተጻፈ ደንብ «የእገሌ ማኅበር አባል» ብሎ ያልፋል። ያኔ በቂ ነበር። ከዚያ ማኅበር ስሙን ይቀይራል፣ ይዋሐዳል፣ የፈተናው ቁጥር ይለወጣል፣ አዲስ ዘርፍ ይከፈታል። በአንቺ ዘርፍ የሆነውም ይኸው ነው። ለረጅም ጊዜ የንብረትና ኃላፊነት አስተያየት ላይ የሚፈርመው የካስ ሰው ነበር፤ ካልሆነም የአካዳሚው የካዥዋልቲ ምክር ቤት በተናጠል መዝኖ ያለፈው ሰው። በኋላ ኤስኦኤ የራሱን የጄኔራል ኢንሹራንስ፣ ማለትም የንብረትና ኃላፊነት፣ የፈተና ዘርፍ ከፈተ። «የእኛስ ፌሎዎች?» አለ። ካስ አልተደሰተም። ክርክሩ ከረር አለ። በ2018 ሁለቱ ማኅበራት ስለመዋሐድ ሁሉ ተነጋግረው ነበር፤ አልሆነም። ኤንኤአይሲ መሐል ገብቶ አስተያየቱን እንዲፈርም በኩባንያ ቦርድ የተሾመ አክቹዋሪ በእርግጥ ምን ማወቅ አለበት የሚል ጥናት አሠራ። ፈተናዎቹንም ከዚያ ጋር አመዛዘነ።

ሁለተኛው ምክንያት የሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚወዱት ዓይነት ነው፤ ግን ዋናው ይህ ይመስለኛል። አንድ ስቴት «አካዳሚው ወደፊት የሚያወጣውን መለኪያ ሁሉ እቀበላለሁ» ብሎ መጻፍ አይቀለውም። በብዙ ቦታ ይህ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለግል ድርጅት አሳልፎ መስጠት ነው ተብሎ የሕገ መንግሥት ጥያቄ ይነሳበታል። ስለዚህ ደንቡ «በዚህ ቀን ሥራ ላይ ያለው ቅጂ» ይላል። አካዳሚው ደግሞ አይተኛም። የብቃት መለኪያውን ለ2008 አሻሻለ፣ ለ2022 እንደገና አሻሻለ። የስቴቱ ደንብ የድሮው ቅጂ ላይ ቆሞ ይቀራል። አክቹዋሪው በአዲሱ ይሠራል፣ ደንቡ ስለ አሮጌው ያወራል። የሕይወት ኢንሹራንሱ ዘርፍ ለዚህ ብልሃት አግኝቷል። በ2009 የተሻሻለው የመጠባበቂያ ምዘና ሞዴል ሕግ ዝርዝሩን ሁሉ ወደ አንድ ማኑዋል ወሰደው። ማኑዋሉ ከጃንዋሪ 1፣ 2017 ጀምሮ ይሠራል። ማኑዋሉን ለመቀየር ድምፅ ከሰጡት ኮሚሽነሮች ቢያንስ ሦስት አራተኛው፣ ደግሞም ከአረቦኑ ከ75 በመቶ በላይ የያዙ ስቴቶች መስማማት አለባቸው። ከተስማሙ በየስቴቱ ምክር ቤት እንደገና መሄድ አያስፈልግም። እዚያ «ብቁ አክቹዋሪ» ማለት በአካዳሚው መለኪያ መሠረት ያንን አስተያየት ለመፈረም ብቁ የሆነና የማኑዋሉን መስፈርት የሚያሟላ ነው። ስም ከመደርደር ይህ ይሻላል።

አሁን ያንቺን ወረቀት እንክፈተው። ከ2019 ጀምሮ ያለው የንብረትና ኃላፊነት ዓመታዊ ሪፖርት መመሪያ ብቁ አክቹዋሪን የሚለካው በሦስት ነገር ነው። ስቴትሽ የሚያሻሽለው ደንብ ከዚህ ጋር ለመስማማት ቢሆን አይገርመኝም።

የመጀመሪያው በአካዳሚው መለኪያ ውስጥ ለዚህ አስተያየት ብቻ የተቀመጠውን የትምህርት፣ የልምድና የተከታታይ ትምህርት መስፈርት ማሟላት ነው። ልምዱ ቢያንስ 3 ዓመት ነው፤ እሱም በዘርፉ ብቁ በሆነ አክቹዋሪ ክትትል ሥር። እዚህ ላይ አንቺ ምናልባት ከምታስቢው በላይ ቀርበሻል። አሁን የምትሠሪው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ተቀባይነት ያለው ማዕረግ መያዝ ነው። ችግርሽ እዚህ ጋ ነው። የካስ ፌሎ ይቀበላል፤ ነገር ግን ስድስተኛውን ፈተና፣ የቁጥጥርና የፋይናንስ ሪፖርቱን፣ የአሜሪካውን ቅጂ ያለፈ መሆን አለበት። ይህ ፈተና የካናዳም ቅጂ ስላለው ነው እንዲህ የሚባለው። የካናዳውን ወስዶ ፌሎ የሆነ ሰው ማዕረጉ ሙሉ ነው፣ ለዚህ ፊርማ ግን አይበቃም። የካስ አሶሼት፣ ከፌሎ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው፣ ደግሞ ስድስተኛው ላይ ሰባተኛውን ጨምሮ ማለፍ አለበት፤ ሰባተኛው በዋናነት ስለ ዕዳ ግምት ነው። የኤስኦኤ ፌሎም ገብቷል፤ የጄኔራል ኢንሹራንስ ዘርፉን ከአሜሪካው የቁጥጥር ፈተናና ከከፍተኛው የጄኔራል ኢንሹራንስ ፈተና ጋር ከጨረሰ። የእንግሊዙ ማኅበር ፌሎ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ይህ ንቀት አይደለም። የእንግሊዙ ማኅበር ትምህርት ከማንም አያንስም። ግን ናይሮቢ ውስጥ የአሜሪካን ሕጋዊ የሂሳብ አያያዝ ማንም አላስተማረሽም፤ ሊያስተምርሽም ምክንያት አልነበረውም። ሼጁል ፒ የሚባለው የዓመታዊ ሪፖርቱ የካሳ ታሪክ ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚሞላ፣ ከጠለፋ ዋስትና (ኩባንያው ራሱ ከሌላ ኩባንያ ከሚገዛው ዋስትና) የሚመለሰው ገንዘብ መቼ እንደሚቆጠርና መቼ እንደማይቆጠር፣ ለአደጋ ተጋላጭነት የሚያስፈልገው ካፒታል እንዴት እንደሚሰላ የዚህ አገር ጉዳይ ነው። የፈራሚው አስተያየት ደግሞ በዚህ ሂሳብ ላይ ነው። ለዚህ አንድ ፈተና መጠየቁ ያሳምነኛል።

ሦስተኛው አባልነት ነው። የአካዳሚውን የሥነ ምግባር ደንብ የሚያስከብር፣ የብቃት መለኪያውን የሚያስገድድ፣ አባሎቹን አሜሪካ ውስጥ ሲሠሩ በዲሲፕሊን ቦርዱ ሥር የሚያውል ማኅበር አባል መሆን። ከሦስቱ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ፈተና ያለፈ ሰው ሞልቷል። አጠፋህ ሲባል ቀርቦ የሚመልስበት ቦታ ያለው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

እንግዲህ መንገድሽ። አንዱ ካስ ጋ ማመልከት ነው። ከእንግሊዙ ማኅበር ያለፍሻቸው ፈተናዎች የትኞቹ እንደሚቆጠሩልሽ በጽሑፍ ጠይቂያቸው። ማኅበራቱ አንዱ የሌላውን ሰው የሚቀበሉባቸው ስምምነቶች አሉ፤ ግን አንድ ነገር አትርሺ። ማዕረጉን በስምምነት ብታገኚው እንኳ የአሜሪካው ስድስተኛ ፈተና ይቀርሻል። መመሪያው ማዕረጉን ብቻ ሳይሆን በማዕረጉ ውስጥ ምን እንዳለ ነው የሚያየው። ስለዚህ ከየት ልጀምር ካልሽኝ ከስድስተኛው ጀምሪ። ለፊርማው ባይሆን እንኳ ለዕለት ሥራሽ ይጠቅምሻል።

ሌላው መንገድ በመመሪያው ውስጥ ያለው ልዩ በር ነው። ተቀባይነት ያለው ማዕረግ የሌለውን ሰው የአካዳሚው የካዥዋልቲ ምክር ቤት መዝኖ ለተወሰነ የዋስትና ዓይነትና ለተወሰነ ሥራ ብቁ ነው ሊል ይችላል። ለተወሰነ የሚለውን ልብ በይ። ለመኪና ዋስትና የተፈቀደልሽ ለሠራተኞች ጉዳት ላይሆን ይችላል። በሩ አለ፤ ግን ገና ወጣት ለሆነች ሴት የመጀመሪያ ምርጫዋ ይሁን አልልም።

ሙያሽን ወደ ሕይወት ኢንሹራንስ ብታዞሪ ነገሩ ላላ ይላል። እዚያ ከአካዳሚ አባልነት በተጨማሪ የተዘረዘሩትን ርዕሶች ማወቅሽ ነው የሚታየው፤ የውል ዓይነቶች፣ የንብረትና የዕዳ የገንዘብ ፍሰት ግንኙነት፣ ሕጋዊ የሂሳብ አያያዝ፣ የዕዳ ምዘና። በፈተና ካላለፍሽው በሌላ መንገድ አጥንተሽ፣ ብቁ የሆነ ሌላ አክቹዋሪ «አውቃታለሁ፣ በቂ ትምህርት አግኝታለች» ብሎ በፊርማው ሊያረጋግጥልሽ ይችላል። ማረጋገጫው አስተያየቱን ከመፈረምሽ በፊት እጅሽ መግባት አለበት።

የአካዳሚ አባልነትን የትም ብትሄጂ ትፈልጊዋለሽ። ቢያንስ 3 ዓመት ኃላፊነት ያለበት የአክቹዋሪ ሥራ ልምድና የአሜሪካን ሕግና አሠራር ማወቅ ይጠይቃል። ከውጭ ማኅበር የመጣ ሰው የሚያመለክትበት መንገድ አለ። የጤና ዋጋ ማረጋገጫዎች ላይ፣ የግል ኩባንያዎች የሚያቀርቡትን የሜዲኬር አድቫንቴጅ ጨረታ ጨምሮ፣ የሚጠየቀው ይኸው አባልነት ነው።

ተከታታይ ትምህርቱን በአጭሩ ልጥቀስ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ነው። በዓመት 30 ሰዓት ነው። ከዚያ 6ቱ ከሌሎች ሰዎች ጋር በተደራጀ ዝግጅት ላይ፣ 3ቱ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር፣ ከ2022 ማሻሻያ ወዲህ 1ዱ በሥራችን ውስጥ ስለሚፈጠር አድልዎ። የሪፖርት አስተያየት ለሚፈርም ሰው ደግሞ 15 ሰዓት በቀጥታ ስለዚያ ርዕስ መሆን አለበት። 50 ደቂቃ እንደ አንድ ሰዓት ይቆጠራል፤ ይህችን ሁሉም ይወዳታል። መዝገቡን ያዥ። ፈርመሽ ከተጠየቅሽ በኋላ «ተምሬ ነበር» ማለት አይሠራም።

በሞዴል ደንቦቹ ውስጥ ስለ ፈተና ሳይሆን ስለ ሰውየው የሚናገር ክፍልም አለ። ከሕይወት ኢንሹራንሱ የአስተያየት ደንብ ልጥቀስልሽ። ኮሚሽነሩ አስጠንቅቆና ሰምቶ፣ ሰውየው የኢንሹራንስ ሕግ ጥሷል፣ አጭበርብሯል፣ ብቃት ወይም ታማኝነት የለውም ካለ ብቁነቱ ይቀራል። ባለፉት 5 ዓመታት ያቀረበው አስተያየት ደንቡን ስላላሟላ ተመልሶበት ከሆነም እንደዚያው። በ5 ዓመት ውስጥ በምርመራ በታየ ጥፋት ምክንያት ከአክቹዋሪነት ቦታው የተነሳ ወይም የለቀቀ ሰውም አይፈርምም። ሌላ ስቴት እርምጃ ወስዶበት ያልተናገረም ይጠየቅበታል። በአንቺ ዘርፍ ፈራሚውን አክቹዋሪ የኩባንያው ቦርድ የሚሾመው እስከ ዲሴምበር 31 ነው። ሲቀየር ኩባንያው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለስቴቱ ያሳውቃል። ከዚያ ባለፉት 24 ወራት ከቀድሞው አክቹዋሪ ጋር የተፈጠረ አለመግባባት ካለ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይጽፋል። ይህ የኩባንያ ኃላፊዎች የማይመቻቸውን ቁጥር ያልፈረመ አክቹዋሪን በዝምታ እንዳይለውጡ ነው። በደንቡ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጥርስ ያለው አንቀጽ ይህ ይመስለኛል።

አሁን ረቂቁን ስታነቢ የት የት እንደምታዪ ልንገርሽ። ከትርጉም ክፍሉ ጀምሪ፤ «ብቁ አክቹዋሪ» ብሎ በየትኛው ወረቀት እንደሚመለከተው ይናገራል። ማኅበር ይጠራል ወይስ መለኪያ? የመለኪያውን ቅጂ በቀን ያስራል? የሚጸናበት ቀን ከአንድ የሪፖርት ዓመት መሐል ይገባል? መሐል ከገባ በዲሴምበር የተሾመ ሰው በማርች 1 ሲያቀርብ በየትኛው ደንብ ነው የሚለካው? ቀድሞ ሲፈርሙ ለነበሩት ሽግግር አለ? አንዳንድ ረቂቅ ይህን ይረሳል፤ ለዓመታት ሲፈርም የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት ይወድቃል። ደግሞም «ኮሚሽነሩ የሚቀበለው ሌላ ሰው» የሚለው ሐረግ ቀርቶ እንደሆነ እዪ።

በዚህ የመጨረሻው ላይ አቋም አለኝ። በሩ ጨርሶ መዘጋት የለበትም። ትናንሽ ኩባንያዎች፣ በማዘጋጃ ቤቶች የተቋቋሙ የጋራ ፈንዶች፣ ድርጅቶች ለራሳቸው የሚያቋቁሟቸው ካፕቲቭ ኩባንያዎች ሁልጊዜ የዝርዝሩን ሰው አያገኙም። ካገኙም ዋጋው ይከብዳቸዋል። ያለ መስፈርት ክፍት መተውም ልክ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ኮሚሽነሩ ማንን እንደሚያውቅ ነው የሚወስነው። ማን እንደሚመዝን፣ በምን እንደሚመዝን፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ ይጻፍ። ከውጭ ለመጣ ባለሙያ ይህ ሦስት መስመር ከማንም በላይ ይጠቅመዋል።

ይህንን ለእኔ ብቻ አትጻፊ። ረቂቅ ደንብ በስቴቱ መዝገብ ላይ ሲወጣ የሕዝብ አስተያየት መቀበያ ጊዜ ይሰጠዋል። መሥሪያ ቤቱ የሚደርሰውን አስተያየት ማየት ግዴታው ነው። በብዛት የሚጽፉት ማኅበራቱና ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። በአንድ ገጽ፣ የአንቀጹን ቁጥር ጠቅሶ፣ «ይህን ሐረግ በዚህ ተኩት» የሚል ጽሑፍ ከአሥር ገጽ ቅሬታ ይልቅ ይነበባል። በግልሽ ስም ከጻፍሽ በቅድሚያ የኩባንያውን የሕግ ክፍል ጠይቂ፤ ለሠራተኛ ውጭ መጻፍን የሚገድብ የውስጥ መመሪያ ሊኖር ይችላል።

ለአለቃሽም በነገሩ መሐል አንድ ጥያቄ አቅርቢለት። አሁን የሚፈርመው ሰው ማን ነው? ኩባንያው ውስጥ ነው ወይስ የውጭ አማካሪ? የውስጥ ሰው ከሆነ የእሱ ክትትል ሥር መሥራትሽን ከዛሬ ጀምሮ በጽሑፍ እንዲይዝልሽ ጠይቂው፤ የትኛው የዋስትና ዓይነት፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ ምን ሠራሽ። የውጭ አማካሪ ከሆነ ግን 3 ዓመትሽ በማን ክትትል እንደሚቆጠር አሁኑኑ መነጋገር አለባችሁ። ይህ ካልተስተካከለ ስድስተኛውን ፈተና ብታልፊም ልምዱ ላይ ትቆሚያለሽ።